ሰፈርና ኪራይ ቤት፤ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ዳርቻ

«ሰፈረ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ተጓዥ ወይም ጭፍራ ድንኳኑን ተክሎ ማረፉን ነው፤ ሁለተኛው እህልን በቁና መለካትን ነው። በግእዝም ቢሆን ሰፈረ ማለት ለካ ማለት ነው። ዛሬ የከተማ ሰው መኖሪያውን «ሰፈሬ» እያለ ሲጠራ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚናገር አያስበውም። የከተማን ቤት ታሪክ የሚመረምር ሰው ግን ሁለቱንም ምሥጢር አብረው ሲሄዱ ያገኛቸዋል፤ በከተማ የሰፈረ ሰው ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው መሬት ላይ ያረፈ፥ ኑሮውም በወር እየተሰፈረ የሚከፈልበት ነውና።

«ከተማ» የሚለውም ስም ቢሆን በቀድሞ ዜና መዋዕል የንጉሥ ጦር የተቀመጠበትን ስፍራ ያመለክት ነበር እንጂ የዛሬውን የቤትና የመንገድ ብዛት አልነበረም። ስለዚህ የኪራይ ቤት ነገር ከአዲስ አበባ ዳርቻ የጀመረ ይምሰል እንጂ ሥሩ ከዚያ ይርቃል። ሥሩን ለማየት ኪራይ ከማይታወቅበት አገር መነሣት ይሻላል፤ ለዚህም የዋግ ምድር መልካም ምሳሌ ነው።

ዋግ ከላስታ በስተ ሰሜን፥ ከተከዜ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለ ደጋና ቆላ የተቀላቀለበት ተራራማ አገር ነው። ሕዝቡ ኽምጣንጋ የሚናገር የአገው ወገን ሲሆን አማርኛም ከእርሱ ጋር ይነገራል። ዋና ከተማው ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች። የአገሩ ሹም «ዋግ ሹም» ይባላል፤ የዘር ሐረጉንም ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራል። ከእነዚህ ሹሞች አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ግን ዐድዋ አጠገብ ከደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተባሉት፥ ጋር ተዋግተው ድል ሆኑ። ከሰቆጣ ጥቂት ራቅ ብሎ ከዐለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በውስጡም የዋግ ሹሞች አስከሬን አርፎበታል። ሕያዋኑ ሹሞች በድንኳን ሲዘምቱ፥ ሙታኑ በማይነቀል ዐለት ቤት አረፉ።

በዚህ አገር ቤት ማለት ርስት ማለት ነበር። ርስትም ከአቅኚ አባት በትውልድ የሚወረድ መብት ነው፤ የዘር ሐረጉን በአባትም በእናትም ቆጥሮ የሚያስረዳ ሰው ድርሻውን ይጠይቃል። መሬቱ የሌለው ሰው የባለርስቱን ማሳ አርሶ ምርቱን በእኩል ወይም በሲሶ ይካፈላል። ነገር ግን ለማደሪያው ጎጆ በየወሩ ገንዘብ ቈጥሮ መስጠት በገጠሩ ልማድ አልነበረም። መንገደኛ ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ያንኳኳል፤ ባለቤቱም ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። ለዚህ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው። «ጎረቤት» የሚለው ቃልም ይህንኑ ልማድ ያስረዳል፤ በግእዝ «ጎር» አጠገብ የሚኖር ባልንጀራ ነው፤ ቤቱ ካጠገብ ከሌለ ጎርነቱም የለም።

ሆኖም ሰቆጣ የገበያ ከተማ ስለ ነበረች እንግዳ የማይጠፋባት ነበረች። ከአፋር ምድር የሚቈረጠው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል እየተጫነ ወደ ሰቆጣ ይመጣ ነበር፤ ከዚያም ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሄድ ነበር። አሞሌው ምግብ ብቻ ሳይሆን እስከ 20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ድረስ የመገበያያ ገንዘብም ነበር። በግእዝ «ነግድ» ማለት እንግዳ፥ መንገደኛ ማለት ነው፤ ነጋዴና እንግዳ በአንድ ሥር የተወለዱ ቃላት ናቸው። ነጋዴውም እንደ ልማዱ በሚያውቀው ሰው ቤት ያርፋል፤ ውለታውንም በሌላ ጊዜ በስጦታ ይመልሳል። እንግዳ የሆነ ሁሉ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባልና ለእንግዳ ቤት እንጂ ለተከራይ ቤት አልተሠራም።

ይህ ልማድ የተለወጠው እንግዳው መሄዱን ትቶ በቀረበት ስፍራ ነው። ለዚህም ዋናው ምሳሌ አዲስ አበባ ናት።

የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ ነበር። የሰፈሩ ሥርዐት የታወቀ ነው፤ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፥ ሹማምንቱም በቀኝ፥ በግራ፥ በፊትና በኋላ እንደ ማዕረጋቸው ይሰፍራሉ። እንጨቱ ሲያልቅ፥ ሣሩም ሲጠፋ ከተማው ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቈረቍሩ ከተማዪቱ የተሠራችው በዚህ በጥንቱ ሥርዐት ነበር። ለየመኳንንቱ ኮረብታ እየተለየ ተሰጣቸው፤ ጭፍራቸውና ሎሌያቸው በዙሪያቸው ሰፈሩ። ራስ ተሰማ ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር እየተባሉ እስከ ዛሬ የሚጠሩት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። በእነዚህ ሰፈሮች መካከል ገደልና ወንዝ፥ ሣርና ባዶ ሜዳ ነበረ፤ ስለዚህ አዲስ አበባ በመጀመሪያዋ መሐሏ የጠበቀ፥ ዳርቻዋ የላላ ከተማ አልነበረችም፤ ሁለንተናዋ ዳርቻ ነበረች ማለት ይቻላል።

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ጦር፥ ዋግ ሹም ጓንጉልም ከነሠራዊታቸው የተሰለፉበት፥ ድል አድርጎ ሲመለስ የከተማዪቱ ሰው እየበዛ ሄደ። ነገር ግን ማገዶ ስለ ጠፋ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለመውሰድ ታስቦ ነበር። ያን አሳብ ካስቀሩት ምክንያቶች አንዱ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ለማገዶና ለቤት ሥራ መድረሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ዛፉ ድንኳኑን ቤት አደረገው። ይሄድ የነበረው ከተማ ቆመ፤ ከቆመም በኋላ «መሬቱ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የመንግሥት ትእዛዝ በአዲስ አበባ ቦታ በግል የሚያዝ፥ የሚሸጥና የሚለወጥ ሆነ። በዚህ ጊዜ የጭፍራው ነገር ተለወጠ። አስቀድሞ በጌታው ቦታ ላይ የሰፈረው ሰው የሚከፍለው በአገልግሎቱ ነበር፤ ጋሻ ይይዛል፥ ይከተላል፥ ይላካል። ቦታው በካርታ ከተያዘ ወዲያ ግን ጌታው ባለርስት፥ ሎሌው ተከራይ ሆነ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ነጋዴውም፥ የእጅ ባለሙያውም፥ ሥራ ፈላጊውም በዛ፤ ከአርመንና ከግሪክ፥ ከሕንድና ከዐረብ አገር የመጡትም ቤት ፈለጉ። ቤት በማከራየት መኖር የታወቀ መተዳደሪያ ሆነ።

የኢጣሊያ ጦር አገሩን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ጥቁሩና ነጩ በተለያየ ሰፈር እንዲኖሩ ታቅዶ ገበያው ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ ዛሬ መርካቶ የሚባለው አዲስ ከተማም የዚያ እቅድ ልጅ ነው። ከነጻነት በኋላ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣው ሰው እጅግ በዛ። ከአብዮቱ በፊት በነበረው ዘመን ከአዲስ አበባ ቦታ ከግማሽ የሚበልጠው 2,000 በማይሞሉ ባለርስቶች እጅ ነበረ። ድኻው ከሰፊው ግቢ ማዕዘን ላይ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠራች አንድ ክፍል ይከራያል፤ ባለጠጋው ደግሞ ወደ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያና ወደ ቦሌ፥ ዛፍና አጥር ወዳለበት ሰፊ ቦታ ወጥቶ ቪላ ይሠራል፤ ለውጭ አገር ሰውም ያከራያል። ከዚያ ጀምሮ ጸጥ ያለው የዳርቻ ሰፈር የክብር ምልክት ሆነ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ገለበጠው። የከተማ ቦታ በሙሉ፥ ከመኖሪያ የተረፈውም ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ የመኖሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቤት ማከራየት ለግል ሰው ተከለከለ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፥ ማለትም ለቀበሌ፥ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ገቡ። ኪራዩም እንደ መጠኑ ከመቶ 15 እስከ 50 ድረስ ተቀነሰ።

ስለዚህ አዋጅ ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ነገር ይናገራል፤ ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም። ከጌታው ግቢ ማዕዘን በፍርሃት ይኖር የነበረው ተከራይ «ውጣ» ከሚለው ድምፅ ዐረፈ፤ ልጆቹን በአንድ ሰፈር አሳደገ፥ ከጎረቤቱም ጋር ዕድር ገባ፥ ጽዋ ጠጣ። በአንጻሩ ሁለት ክፍል በማከራየት ብቻ ትኖር የነበረች መበለት ብዙ ቤት እንደ ነበረው ባለርስት ሁሉ ትርፏን አጣች። አዋጁ ሰፊውን ከጠባቡ፥ የጠገበውን ከተራበው ሳይለይ በአንድ ቁና ሰፈራቸው። ደግሞም ለማከራየት የሚሠራ ስለ ጠፋ፥ ጥቂት ብር የሚከፈልበትም የቀበሌ ቤት ጣሪያው ቢያፈስስ የሚያድሰው ስለ ታጣ ቤቱ እያረጀ፥ ሰዉ ግን እየበዛ ሄደ። በ1976 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቈጠር አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበረባት፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከዚህም የተነሣ «ደባል» የሚባለው ኑሮ፥ ማለት በተከራዩት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አስገብቶ ኪራይ መካፈል፥ ተስፋፋ።

በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ የዋግን ሰው ከርስቱ ነቀለው። እህል ፍለጋ ወደ ኮረም የወረደውም፥ ወደ ሩቅ አገር በሠፈራ የተወሰደውም፥ በራሱ እግር ወደ ከተማ የሄደውም ብዙ ነበረ። ለባለርስት ልጅ በሰው ቤት ኪራይ ከፍሎ መኖር ከረኃቡ ቀጥሎ የሚቈጠር ኀዘን ነው፤ በአገሩ ድኻ ቢሆንም እንኳ የሰው ደጅ አልጠናምና።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ቤት ማከራየት እንደ ገና ለግል ሰው ተፈቀደ፤ የከተማ ቦታ ግን የመንግሥት እንደ ሆነ ቀረ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ቦታ በሊዝ፥ ማለት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ፥ የሚሰጥ ሆነ፤ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 ይህ ሥርዐት ጠበቀ። ከተማዪቱም ወደ ዳር ተለጠጠች። በምሥራቅ ሲኤምሲ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ቤቶች ከሠራ የኢጣሊያ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ነው፤ ከእርሱ አልፎ አያት፥ ሰሚትና ጎሮ፥ በደቡብ ምዕራብ ጀሞና ለቡ ተከተሉ። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራም፥ ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚለው፥ ወደ የካ አባዶ፥ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ደረሰ። ቤቱ በዕጣ ይሰጣል፤ ዕጣ ከደረሳቸውም ብዙዎቹ ወርኃዊውን የባንክ ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው በሌላ ስፍራ ይከራያሉ።

የእነዚህ የዳርቻ ሰፈሮች ኑሮ ከመሐል ከተማው ይለያል። ጠዋት የወፍ ድምፅ፥ ማታ የጅብ ጩኸት ይሰማል፤ ነፋሱ ንጹሕ ነው፥ ሰማዩም ሰፊ ነው። ለዚህ ጸጥታ ሲል ብዙ ሰው ይወጣል፤ ይልቁንም ልጅ የሚያሳድግ። ነገር ግን ጸጥታውም ዋጋ አለው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ታክሲ ለመያዝ ገና ሳይነጋ መሰለፍ ያስፈልጋል፤ ክረምት በሆነ ጊዜ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ጭቃ ይሆናል። በባለቤቱ ግቢ ከኋላ በተሠራው ሰርቪስ ቤት የሚከራይ ደግሞ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል፤ በር የሚዘጋበት ሰዓት፥ የሚታጠብ ልብስ ብዛት፥ የእንግዳ ቁጥር ይወሰንለታል። ልጅ ያለውን የማይቀበል አከራይ አለ። ደላላውም ከሁለቱም ወገን ድርሻውን ይወስዳል፤ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ቢለዋወጥ ለእርሱ ጥቅሙ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ክፍያው አይደለም፤ መነቀሉ ነው። በየዓመቱ ቤት የሚለውጥ ሰው በዕድር ስሙ አይጸናም። ዕድር የከተማ ኑሮ የወለደው ማኅበር ነው፤ ዘመዱ በሩቅ ያለ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን የሚተክልለት፥ ሬሳውን የሚሸከምለት እርሱ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለውም ስለዚህ ነው። ከዋግ ወጥቶ በአያት ወይም በጀሞ የሚከራይ ሰው ዘመዱ 700 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ ጎረቤቱንም በየዓመቱ የሚያጣ ከሆነ፥ ከሩቁም ከቅርቡም የሌለው ሆነ ማለት ነው። ኪራይ የሚጨምር አከራይ ገንዘብ ብቻ የወሰደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የልጁን ትምህርት ቤት፥ የሚስቱን ማኅበር፥ የራሱንም ቀባሪ አብሮ ወስዷል።

በዚሁ ዳርቻ ሌላም ተነቃይ አለ። አያትና ኮዬ ፈጬ ከመሠራታቸው በፊት በዚያ የሚያርስ የኦሮሞ ገበሬ ነበረ። ለእርሱ ያ ስፍራ የከተማ ዳር አልነበረም፤ የአባቱ ማሳ፥ የአገሩ መካከል ነበር። የከተማዪቱን መስፋት የሚመለከተው የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ ሰዎችም ሞቱበት፤ በጥር 2008 ዓ.ም. እቅዱ እንዲቀር ተወሰነ። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣም ያው ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ። ማሳውን ሰጥቶ ካሣ የተቀበለው ገበሬ ገንዘቡ ሲያልቅ በገዛ ቀዬው ዘበኛ ወይም ተከራይ ሆኖ መገኘቱ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። የዋጉ ባለርስት በረኃብ ያገኘውን፥ የዳርቻው ባለማሳ በከተማ መስፋት አገኘው።

ስለ ኪራይ የወጣው የቅርብ ጊዜ ሕግ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በመንግሥት ዘንድ እንዲመዘገብ፥ የውሉም ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፥ መንግሥት ሰኔ 30 ቀን በሚያስታውቀው መጠን እንዲሆን ተደነገገ። ከ1967ቱ አዋጅ የሚለየው ቤቱን ከባለቤቱ ሳይወስድ የተከራዩን ዘመን መጠበቁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮም የተቀመጠው በተከራየው ቤት 2 ዓመት ሙሉ እንደ ሆነ የሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ይናገራል፤ እስረኛ ሳለ እንኳ በዚያ ዘመን ወደ እርሱ የሚመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ሁለት ዓመት አጭር ቢመስልም ሰው እንግዳ መቀበል እስኪችል፥ ጎረቤትም እስኪያውቀው ይበቃል።

ሆኖም ሕጉ በወረቀት ሲኖር ልማዱ ገና ይከራከረዋል። ከተመዘገበው ዋጋ ሌላ በጎን የሚከፈል ገንዘብ ካለ፥ ተከራይም «ብከስስ ነገ የት እሄዳለሁ» ብሎ ዝም ካለ፥ ሕጉ ያለ ባለቤት ይቀራል። አከራዩም የራሱ ችግር አለው፤ ሲሚንቶው ተወድዶ፥ ዕዳውም ከብዶ ሳለ ኪራዩ ቢያዝበት ሌላ ክፍል ለመሥራት እጁ ይታጠፋል። ስለዚህ የቤት ቁጥር ካልጨመረ በቀር ሕግ ብቻውን ቤት አይሆንም፤ የ1967ቱ ታሪክ ይህን አስተምሮ አልፏል።

ዛሬ ሰቆጣም ራሷ ይህን ትምህርት እየተማረች ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዋግ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ከአበርገሌና ከጻግብጅ የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በከተማዪቱና በዙሪያዋ ተጠለሉ። አንዳንዱ በዘመድ ቤት ተጠጋ፥ አንዳንዱ በመጠለያ ሸራ ሥር ዐደረ፥ አንዳንዱም ጠባብ ክፍል ተከራየ። የእግዚአብሔርን እንግዳ ያለ ዋጋ ታሳድር የነበረች አገር፥ እንግዳው ከአንድ ሌሊት አልፎ ዓመት ሲቀመጥ ምን ታደርግ? ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በፊት የተጠየቀችው ነው፤ እርስዋም የመለሰችው ቦታውን በመለካት ነበር።

ሰፈር መለኪያም ማረፊያም ነው። መሬቱም፥ ኪራዩም፥ የውሉ ዘመንም ያለ ልክ ሊሆኑ አይችሉምና መለካቱ ግድ ነው። ነገር ግን ከልኩ በኋላ ዕረፍት ካልተከተለ የሰው ኑሮ ባሕር ዛፍ ሳይመጣ እንደ ነበረው ከተማ ይሆናል፤ እንጨቱ ሲያልቅ የሚነቀል ድንኳን። የዋግ አባቶች ለእንግዳ የሰጡት አንድ ሌሊት ዐድሮ የሚሄድበትን መደብ ነበር። ለማይሄደው እንግዳ፥ ልጁንም በዚያው ለሚያሳድገው፥ የሚበቃውን ስፍራ መስጠት ግን ለዚህ ትውልድ የቀረ ሥራ ነው።